እንደገና ይቀጥሯታል?

ጥቅምት 4

ለናፈቅሽኝ የእህቴ ልጅ፣ ለሜትር፤

ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ላስቀድም፤ ደረትሽ እንዴት ነው? ከተሻለሽ ጻፊልኝ። ካልተሻለሽም እውነቱን ጻፊልኝ፤ ለእናትሽ አሳምሬ የማነብላት እኔ ነኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወገቤና እኔ ብቻ ከተኳረፍን ሰነበትን። የወርክሾፓችን ረጪ እንደምታውቂው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ ቫርኒሽ ሲረጭ ማዜሙን አልተወም። ድምፁ ከመጋዙ ስለማይለይ ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑን እናጠፋለን፣ ጩኸቱ ግን ይቀጥላል። ፈጣሪ በምትሄጅበት መንገድ ሁሉ ይቅደምልሽ፤ በምትገቢበት በር ሁሉ ክፉ ዘበኛ አይግጠምሽ።

«ጋሼ ስልክ አይደውልም» ብለሽ ለእናትሽ ከስሰሽኛል አሉ። እውነት ነው። ስልክ ላይ አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ፊደል የቆጠርኩት ምስማር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያን ያህል የለፋሁበትን ነገር ሥራ ፈት አላደርገውም። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ረጪው ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የጣት አሻራ ካየሽበት የእሱ ነው። ምስጢር ካለሽ እሱም እንደሚያነበው አድርገሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ የተመዘገብሽበት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ እንዳልሽው መልእክት ላከልኝ። «የቀድሞ አሠሪ» ይለኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሜትር ከአንገትሽ ሳታወርጂ፣ እንጨቱን ስትቆጥሪ፣ ዕቃውን ስትመዘግቢ፣ እኔን ስታሯሩጪ አሠሪዬ ሆነሽ የኖርሽው አንቺ እንደሆንሽ የነገራቸው የለም። አሥራ አራት ጥያቄ ነው። ሰዓት ታከብራለች? ሐቀኛ ናት? ከሰው ትግባባለች? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ሁለት ክብ አለ፣ አንዱን መጫን ነው። አንድ መስመር እንኳ መጻፊያ አልሰጡኝም፤ ቀልዴን ሁሉ ዋጥኩት። ረጪውን አጠገቤ አስቀምጬ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩላቸው። ኩሪብኝ። ከእንግዲህ በሁለት ሳምንት ሥራ ካላገኘሽ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ለእናትሽ ዜና ላኪላት። ፎቶም ጨምሪበት፤ ፊትሽ ቀልቶ የሚታይበትን ምረጪ።

አጎትሽ

ጥቅምት 29

ለምወድህ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለወገብህ፣ ለረጪውና ለእናቴ በየተራ ይድረስ። ደረቴ እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብዙም አያስቸግረኝም። ደረጃ ስወጣ ብቻ አንድ ጊዜ ቆም እላለሁ።

አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተናል። የእኔ አልጋ በሩ አጠገብ ነው፤ ጠረጴዛ ስለሌለን ኮምፒውተሩን ልብስ መተኮሻው ሳንቃ ላይ አስቀምጬ ቆሜ ነው የምሠራው። ሥራ ብዬ የጠራሁት ሥራ መፈለጉን ነው። ከማንኛውም ሥራ ይከብዳል፣ ጋሼ፤ ደመወዝም የለው፣ ዕረፍትም የለው፣ የምትሰድበው አለቃም የለው።

እንዴት መሰለህ የሚሆነው? መጀመሪያ «ሲቪዎን ያስገቡ» ይለኛል። አስገባለሁ። ቀጥሎ ያው ሲቪ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና እንድጽፍ ያዘኛል። የተማርኩበት ኮሌጅ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ «ሌላ» የሚለውን እመርጣለሁ። የሠራሁበት ድርጅት ስለማይታወቅ አሁንም «ሌላ»። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው «ሌላ» ሆኜ እገባለሁ። ከዚያ ገጹ ይደነግዝና ሁሉንም አጥፍቶ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። «ለጀማሪ» የሚል ማስታወቂያ ከፍቼ ሳነበው አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። አንዱ ደግሞ ዓምና የወጣ ነው፤ ሰው ተቀጥሮበት፣ ያ ሰው ለቆ፣ ሌላ ተቀጥሮበት ማስታወቂያው ግን እስከ ዛሬ አልወረደም።

ቃለ መጠይቅም አድርጌያለሁ። ከማን ጋር እንዳትለኝ፤ ከራሴ ፊት ጋር ነው። ስክሪኑ ላይ የራሴ ምስል ይታያል፣ ከሥሩ ጥያቄ ይመጣል፣ ስልሳ ሰከንድ ወደ ታች ይቆጥራል። «እኛን ለምን መረጡ?» ይላል። እነሱ መቼ መረጡኝና ነው? ማንም ለማያየኝ ፈገግ እያልኩ ግማሽ መንገድ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ሳሌን ጨርሼ ቀና ስል ሰከንዱ አልቆ «እናመሰግናለን» ይላል።

እስካሁን አሥራ ዘጠኝ አመልክቻለሁ። ትናንት አንዱ በአራት ደቂቃ ውስጥ መለሰልኝ። «ማመልከቻዎን በጥንቃቄ ከመረመርን በኋላ አልመረጥንዎትም» ይላል። አራት ደቂቃ! አንተ እንኳ አንድ ሳንቃ ገልብጠህ ለማየት ከዚያ በላይ ትፈጃለህ።

የመኖሪያ ፈቃዴ እስከ መጋቢት 30 ነው። እስከዚያ ካልተቀጠርኩ አገሩን ልለቅ ነው። ይህን ለእናቴ አታንብብላት።

ሜትር

ኅዳር 16

ለተቆጣሽው የእህቴ ልጅ፤

ቁጣሽ ደርሶን አነበብነው፤ ረጪው ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ሰላም ለአራታችሁም ይሁን። የመተኮሻውን ነገር ሳነብ ተነሥቼ እንጨት መምረጥ ጀመርኩ። እግር ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ልሠራልሽ አሰብኩና በፎቶ የማይላክ መሆኑ ትዝ አለኝ።

እኔ ሞኙ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ሥራ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱ በር አለው፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛውን ሰላም በይው፣ ልጆቹን ጠይቂው፣ ያስገባሻል። እኔ መጀመሪያ ሥራ ያገኘሁት እንዲያ ነው። ጌታዬ የነበረው አናጺ አባረረኝ፣ ሄድኩ፤ በማግስቱ መጣሁ፣ አባረረኝ፤ በሦስተኛው ቀን መዶሻ ሰጥቶ «በል ወይ ሥራ ወይ ሂድ» አለኝ። ይህን ስልክ ላይ ማን ያደርግልሻል?

እናትሽ ደህና ናት። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሥራ ጀምራለች» ብላ አውርታለች። ስለዚህ ቶሎ ብለሽ ጀምሪ፤ ሴትዮዋን ውሸታም አታድርጊያት። ካንቺ የምትፈልገው አሁን ፎቶ ብቻ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገትሽ ላይ የተንጠለጠለበት ፎቶ ነው። ከየትም አምጪ።

ደግሞ ወንበርሽን ረጪው ምሳ ዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል። አንቺን የሚጠብቅ ቦታ እዚህ የለም፤ በዚያ አትዘናጊ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 20

ጋሼ ሰላም ለአንተ ይሁን፤

የዘገየሁት የምጽፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነው።

ምክርህን ሰምቼ በር ላይ ሄድኩ። ሦስት መጋዘን። የመጀመሪያው ዘበኛ መልካም ሰው ነው፣ ስለ ልጆቹም ጠይቄዋለሁ፣ አራት ናቸው። ሲያዝንልኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ካሬ አሳየኝና «በስልክሽ አንሺው» አለኝ። አነሳሁት። ቀድሞ የሞላሁትን ቅጽ ከፈተልኝ። ሁለተኛው ካሬ አሳየኝ። ሦስተኛው እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም፤ በአገጩ ነው ካሬውን ያሳየኝ።

አንድ የፍራሽ ድርጅት በጽሑፍ «ለሙከራ» ብሎ የመጋዘኑን አደራደር እንዳቅድለት ጠየቀኝ። ሦስት ቀን ቆሜ ሠራሁለት፤ የትኛው ፍራሽ የት፣ መኪናው በየት፣ በልኬት። ላክሁ። «ድንቅ ነው፣ እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ይኸው አምስት ሳምንቱ። ማስታወቂያው በሳምንቱ እንደገና ወጣ፤ አሁን ሌላዋን ደግሞ ማራገፊያ ክፍሉን ሊያሳቅዷት ነው። ሌላ ደግሞ ከረባት ያሰረ ሰው በስክሪን ቀርቦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተቀጥረሻል አለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ የሥልጠና ማስያዣ ገንዘብ ላኪ አለኝ። እንባዬን ጠርጌ ያወረድኩበትን ስድብ አንተ ብትሰማው ትኮራብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ሌት ተቀን ያብከነክነኛል። እዚህ አብራኝ የምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ አለች። ከእኔ የበለጠ ልምድ የላትም። በዚያው ድረ ገጽ ነው የምታመለክተው። እሷን አራት ቦታ ጠርተዋታል። እኔን ከዚያ አጭበርባሪ በቀር አንድም ሰው፣ አንድም ጊዜ፣ ድምፁን አላሰማኝም። ስልሳ አንድ አመልክቻለሁ፣ ጋሼ። ቁጥሩን ሳየው ሰው የማልመስል ሆኖ ይሰማኛል። ሲቪዬን ለሦስት ሰው አሳየሁ፣ ሦስቱም ጥሩ ነው አሉኝ። ምንድን ነው ያለብኝ?

መጋቢት ሩቅ አይደለም። ከተባረርኩ የምመጣው ወደ አንተ ነው፤ ሌላ የሚቀጥረኝ አላውቅም። አፍና አፍንጫዬን በፎጣ አስሬ እሠራለሁ። ሐኪሙ ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል፣ ግን ከቤት ተቀምጬ የእናቴን እጅ አላይም። ቁርጡን ንገረኝ፤ ትቀበለኛለህ?

ሜትር

ታኅሣሥ 23

ለእህቴ ልጅ፤

አልቀበልሽም።

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ሐኪሙ «ቫርኒሽ ያለበት ቤት ከተመለሰች ሳንባዋን እርሱት» ሲል አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። በዚያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ በልቤ ምያለሁ። በዚህ በር አትገቢም። በፎጣም፣ በብርድ ልብስም ብትሸፈኚ አትገቢም። ደጄ ላይ ብትቆሚ ረጪውን አዝዤ በውኃ ነው የማስረጭሽ።

ይህ ደግሞ የአፍ ወሬ እንዳይመስልሽ። በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ። ያ ቅጽ መጨረሻ ላይ፣ አሥራ አራተኛው፣ «ይህችን ሠራተኛ እንደገና ይቀጥሯታል?» ይል ነበር። ከጥያቄው ሁሉ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነበር። ረጪው «ቆይ እስቲ፣ ከሥሩ ያለውን አንብበው» ሲለኝ «ምን ይነበባል፣ ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የወሰንኩት ነው» ብዬ «አይ» የሚለውን ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት። ስለዚህ እነሱም ያውቃሉ። የመመለሻው በር ተዘግቷል፤ ወደ ፊት ብቻ ተመልከቺ።

እናትሽ ደህና ናት። ፎቶውን አሁንም ትጠብቃለች።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 26

የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል።

ያችን ክብ ሲጫኑ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ሥራ ፈላጊዎችን ወደሚያግዘው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ አሠሪዎች የሚያዩትን ገጽ መክፈት ትችላለች። የነገርኳትን ሰምታ ግራ ቀኙን አየችና «እኔ አላሳየሁሽም» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ። አሥራ ሦስት አረንጓዴ ምልክት አለ። ከሥራቸው አንድ ቀይ። «የቀድሞ አሠሪ ዳግም አይቀጥርም።»

«ይህ ካለ ማሽኑ ራሱ ከዝርዝሩ ያወጣሻል፤ ሰው ጋ አትደርሺም» አለችኝ።

ሰው ጋ ደርሼ አላውቅም። ስልሳ አንድ ጊዜ። ሦስት ቀን ቆሜ የሠራሁትን ዕቅድ የወሰዱት፣ ሊቀጥሩኝ እንደማይችሉ እያወቁ ነው። መስተዋት ፊት ቆሜ ፊቴን ነው ወይ፣ ሳሌን ነው ወይ፣ አነጋገሬን ነው ወይ ስል የከረምኩት በእርስዎ አንድ ጣት ነው። ረጪው አንብበው ብሎዎታል። ከሥሩ የተጻፈውን ጸሐፊዋ አነበበችልኝ፤ «ይህ መልስ ለሠራተኛዋ ብቃት ማረጋገጫ ሆኖ ለአሠሪዎች ይተላለፋል» ይላል። ምስማር ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ያነበቡ ሰው ይህን ሳያነቡት ቀሩ።

ማሽኑንም አልማረውም። አንድ መስመር ክፍት ቦታ ቢሰጥዎ ኖሮ ይጽፉበት ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። ግን እስቲ ቢጽፉ ምን ይጽፉ ነበር? «ስለምሳሳላት» ነው ወይስ እውነቱን? እውነቱን እኔ ልጻፈው። ጠረጴዛዬ ቫርኒሽ በሚረጭበት ክፍል ጥግ ነበር። በየዓመቱ አየር ማስወጫ ይግዙ ስልዎት «ለከርሞ» ይሉኝ ነበር። ሰባት ከርሞ። ሐኪሙ «ከሥራዋ የመጣ ነው» ያለውን የሰማነው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። እናቴ እሷም ደረቷን ስለሚያማት የእኔን ከእሷ የወረስኩት ይመስላታል። እርስዎም እንዲመስላት ትተዋታል። እኔ ዝም ያልኩት እርስዎን ላለማሳፈር ነው፤ እርስዎ ዝም ያሉት ለማን ብለው ነው?

እንዳልመለስ መማልዎ አያስከብርዎትም። መጀመሪያ ነበር መማል።

መልስ አልፈልግም።

የካቲት 8

ለእህቴ ልጅ፤

መልስ አልፈልግም ብለሽኛል። እኔም የምልክልሽ ወረቀት እስኪገኝ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። «እርስዎ» የሚለውን ሲያይ ረጪው ስልኩን ሰጥቶኝ ወጥቶ ሄደ። ሦስት ቀን አላዜመም፤ ደንበኞች ታመመ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ያደረግኩትን በተራ ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ቅጹን ልከፍት ሞከርኩ። «መልስዎን ማስተካከል አይቻልም» ይላል። ስልክ ደወልኩ። የሴት ድምፅ ያለው ማሽን አንሥቶ ለአሠሪ ሁለትን ይጫኑ አለኝ፣ ተጫንኩ፤ ለቅሬታ አራትን፣ ተጫንኩ፤ ከዚያ ሙዚቃ። ረጪውን ስልኩ አጠገብ አስቀምጬው፣ እኔ ሥራ ስሠራ እሱ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማ። በጽሑፍ የሚመልስም አላቸው። «ስሜትዎን እረዳለሁ» ይለኛል። ልጅቷ የወለድኳት ያህል ናት፣ አጥፍቼ ነው፣ አንዲት ክብ ብቻ ቀይሩልኝ ብዬ ጻፍኩ። «ስሜትዎን እረዳለሁ፤ በሌላ ነገር ላግዝዎ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ የሚሰደብ እናት ከሌለው ነገር ጋር ስጣላ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያን ሰዓት የአንቺ ስልሳ አንዱ ገባኝ። እኔ አንዱን ቀን እንኳ አልቻልኩትም።

በየቀኑ ጻፍኩባቸው። በአራተኛው ሳምንት የሰው የሚመስል መልስ መጣ። የቀድሞ አሠሪ መልስ ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ ድርጅቱ የተዘጋ እንደሆነ ግን ይሰረዛል፣ ሠራተኛዋም ሌላ የሥራ ባልደረባ በዋቢነት ታቀርባለች፤ የንግድ ፈቃድ መመለሱን የሚያሳይ ወረቀት ይላክ ይላል። ይህንኑ እስኪጽፉልኝ ነው አንድ ወር ሙሉ ያሹኝ።

ስለዚህ ዘጋሁት።

የንግድ ቢሮው ጸሐፊ ምክንያት ጠየቀኝ። እዚያም ቅጽ አለ፤ ኪሳራ፣ ሞት፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ተጫንኩ፤ የሚጻፍበት ቦታ አሁንም የለውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሰቀለውን ሰሌዳ ከረጪው ጋር አወረድን። ሁለቱ አናጺዎችና ረጪው የተጀመረውን ዕቃ ጎረቤታችን የፎቶ ፍሬም ሠሪው ግቢ ወስደው እየጨረሱት ነው፤ ደመወዛቸው አልተቋረጠም። በአዲስ ፈቃድ እስክከፍት ታግሰውኛል። የመዝጊያውን ወረቀት ፎቶ ረጪው አሁኑኑ ይልክልሻል። እሱን ዋቢ አድርጊው። መነጽር ገዝቼለታለሁ።

አየር ማስወጫውን ስላልገዛሁበት ምክንያት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በየዓመቱ ገንዘቡ ነበረኝ፤ በየዓመቱ ሌላ ነገር ገዛሁበት። ይኸው ነው።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። እሱን አልቻልኩም።

አጎትሽ

መጋቢት 14

ጋሼ፤

«አንተ» እያልኩ የምጽፈው ስለታረቅን አይደለም። «እርስዎ» እያሉ መቆጣት ስላልተመቸኝ ነው።

ሲቪዬ ላይ አንድ ፊደል አልቀየርኩም። ወረቀቱን ላክሁ፣ የአንተ መልስ ተሰረዘ፣ ረጪው ቅጹ ደረሰው። ራሱ በድምፅ እንደነገረኝ አሥራ አራቱንም «አዎ» ነው ያለው፤ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ትቀር ነበር?» የሚለውንም ጭምር። ማሽኑ ምንም አላለውም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ቦታ ጠሩኝ። ሦስት! ያችው እኔ ነኝ፤ ያው ሳል፣ ያው ኮሌጅ፣ ያው «ሌላ»። ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን በንዴት ነው ያነሳሁት።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። የሆስፒታል አልጋና ወንበር የሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ንብረት መዝጋቢ ሆኛለሁ። ሁሉም ብረት ነው፣ ቀለሙም ሌላ ቦታ ተቀብቶ ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ስገባ መጀመሪያ ያሸተትኩት አየሩን ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን እነሱ ያሳድሱልኛል። የመጋዘኑ ኃላፊ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፣ ብዙ አትናገርም። ሲቪዬን አገላብጣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ይህን ቦታ የሚመጥን ሰው ካጣሁ አራት ወር አለፈኝ» አለችኝ። በኅዳር እዚሁ አመልክቼ እንደነበር ነገርኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገችኝ። አጣችኝ። በአራት ደቂቃ ውስጥ «በጥንቃቄ መርምረው» ከጣሉኝ አንዱ የእሷ ድርጅት ነበር፤ እሷ ግን ስሜን አይታው አታውቅም። ገጹን ወደ ታች እየገፋች መፈለጓን ቀጠለች። ስንት ሰው ወድቆ እንደቀረ እሷም የምታስብ መሰለኝ።

ቁጣዬ አልበረደም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራህበትን ቤት ለእኔ ብለህ ስትዘጋ አማከርከኝ? አሁንም ሳታነብ መጫንህ ነው። ሳነበው አልቅሻለሁ፤ አልቅሼም ግን ተናድጃለሁ። አንድ ሰሌዳ አውርደህ የሰባት ዓመቱን የከፈልክ እንዳይመስልህ።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ገንዘብ አይደለም፣ ፎቶም አይደለም። አንደኛ፣ ማስወጫው ሳይገጠም ያን ክፍል አትከፍተውም። ረጪው ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ እሱም ሳንባ አለው፣ ሲያዜም አልሰማኸውም? ሳትገጥም ከከፈትክ ለንግድ ቢሮውም፣ ለሠራተኛ ቢሮውም ራሴ እከስሃለሁ። ቅጽ መሙላት እንደሆነ ስልሳ አራት ሞልቼ ተክኜበታለሁ።

ሁለተኛውን ታውቀዋለህ። እናቴን ደረትሽ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት «እኔ ነኝ እኮ ያስተላለፍኩብሽ» ትለኛለች። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ስትል መስማት አልፈልግም።

ሜትር

መጋቢት 23

ለእህቴ ልጅ፣ ለንብረት መዝጋቢዋ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትሽ «ከእሱ በፊት የሠራኸውን ጻፍ» ስላለችኝ በእሱ እጀምራለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ጠራኋት። ቤቷ ሄጄ መንገር ፈራሁ፤ ወደ ተዘጋው ወርክሾፕ ነው ያስመጣኋት። ታኅሣሥ የጻፍሽውንም፣ የአሁኑንም፣ ምንም ሳልዘል፣ ምንም ሳላሳምር አነበብኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማንበብ የከበደኝ ጊዜ የለም። ጨርሼ ቀና ስል አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ገባች። ጠረጴዛሽ የነበረበትን ጥግ ጠየቀችኝ፣ እሱንም አሳየኋት። እዚያ ቆማ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። ከሰባት ዓመት በላይ የተጠራቀመ ቫርኒሽ ነው፤ እጇ ተጣበቀ። መዳፏን እያየች፣ «በየቀኑ በልቤ ይቅር በይኝ እላት ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወጥታ ሄደች። ስምንት ቀን አላናገረችኝም። ደጇ ሄጄ ስቆም በመስኮት እያየችኝ መጋረጃውን ትስባለች። ለማንም አላማኋትም።

ማስወጫውን ገዝቻለሁ። ወጣት ሰው የሚያክል ነው። ዛሬ ጠዋት ግንበኛ አምጥቼ ግድግዳውን ማስፈረስ ጀመርኩ። ግንበኛው መዶሻውን ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ዘገየብኝና ቀምቼ ራሴ ያዝኩት። ወገቤ ጮኸ፣ አልሰማሁትም። ረጪውና አናጺዎቹ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ብርሃን እስኪገባ፣ ከዚያም ክንድ እስኪያስገባ ፈለፈልኩት። ላቤን ልጠርግ ዞር ስል እናትሽ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላየም።

ግቢ አልኳት። አልገባችም። ቀዳዳውን አየች፣ ማስወጫውን አየች፣ እኔን አየች።

«ያንሳል» አለችኝ። «አስፋው።»

እያሰፋሁት ነው።

አጎትሽ